ሕግ ከበር ሲመለስ፤ የቤት ሠራተኛ መብትና የአሠሪዋ ግዴታ

በየዓመቱ ሚያዝያ 23 ቀን በአገራችን የሠራተኞች ቀን ተብሎ ሥራ ተዘግቶ ይውላል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1955 እ.ኤ.አ. ከደነገጉ ወዲህ ዕለቱ በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የሠራተኛው የቅዱስ ዮሴፍ በዓል ሆኖ ይከበራል፤ ምንም እንኳ አብዛኛው የአዳማ ሰው ቀኑን በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓልነቱ ይበልጥ የሚያውቀው ቢሆንም። በዚሁ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በአንድ ቁምስና አዳራሽ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና ጥቂት ምእመናን ተሰብስበን ስለ ሠራተኛ መብት ስንወያይ፣ የሕግ ዕውቀት ያለው አንድ ወንድማችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ይዞ መጥቶ ዋና ዋናዎቹን አንቀጾች ያነብልን ነበር። ሁላችንም በልባችን በሠራተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠን አዳመጥን፤ አስተማሪው ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ነርሷ ስለ ክሊኒኳ፣ ሾፌሩም ስለ ባለመኪናው ያስብ ነበር። በመካከሉ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡና «ልጄ፣ ይህ አዋጅ እኔ ቤት ያለችውንም ልጅ ይመለከታል?» ብለው ጠየቁ። ወንድማችን ጥቂት ገጾች አገላብጦ «እማማ፣ እሷን እንኳ አይመለከትም» ሲል መለሰላቸው። እሳቸውም «እንግዲያስ የምትጠይቀኝ ዕዳ የለም ማለት ነው?» አሉ። አንዳንዶች ሳቁ።

ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። በወንበሩ በሌላኛው በኩል የምንቀመጥበት ጊዜ እንዳለ የዚያን ዕለት ከእሳቸው በቀር ያሰበ አልነበረም። ከመካከላችን ፋብሪካ ያለው የለም፤ የአበባ እርሻ ያለው የለም፤ የቤት ሠራተኛ ያላት ግን ብዙ ናት። ለአብዛኛው ምእመን አሠሪ መሆን ማለት ይህ ብቻ ነው፤ ስለዚህም ስለ አሠሪ ግዴታ የሚነገረው ሁሉ ለእርሱ የሚፈተንበት ስፍራ ከገዛ ማድ ቤቱ የራቀ አይደለም።

በመጀመሪያ አዋጁ ለሌላው ሠራተኛ ምን እንደሚሰጥ እንመልከት። አዋጅ ቁጥር 1156 በ2011 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ የ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 377ን፣ እርሱም በበኩሉ የ1985 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 42ን የተካ ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት መደበኛ የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ በየሳምንቱም ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለ። አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ደመወዙ እየተከፈለው 16 የሥራ ቀናት ያርፋል። ነፍሰ ጡር ሴት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ታገኛለች። ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። አሠሪው ከደመወዝ ላይ እንደ ወደደ መቁረጥ አይችልም፤ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሲኖር እንኳ ተቆራጩ ከወር ደመወዙ ሢሶ እንዳያልፍ ተወስኗል። ያለ አግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ በ3 ወር፣ ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠይቅም በ6 ወር ውስጥ አቤቱታውን ማቅረብ ይኖርበታል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህን የመጨረሻውን ባይረሱ እወዳለሁ፤ እውነት ይዞ ዘግይቶ በመምጣቱ ብቻ መብቱን ያጣ ድኃ ብዙ ነውና።

ይህ ሁሉ እንደ መና ከሰማይ የወረደ አይደለም። ታሪኩ በከፊል የእኛው አካባቢ ታሪክ ነው። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1943 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋውሎ ከአዳማ አጠገብ በወንጂ ሜዳ ሸንኮራ አገዳ ተከለ፤ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ። ከከምባታ፣ ከሐድያና ከሌላም አገር የመጣው አገዳ ቆራጭ በሺህ የሚቆጠር ነበር። የሠራተኛ ማኅበር እንዲቋቋም የሚፈቅድ ሕግ ስላልነበረ ሠራተኞቹ በመጀመሪያ የተሰባሰቡት ማንም በማይከለክላቸው በእድር መልክ ነበር። ቀብርን ለመረዳዳት የተሰበሰበ ሕዝብ ስለ ደመወዝና ስለ ሕክምና መነጋገሩ አልቀረም። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲመሠረት የወንጂ ሠራተኞች በውስጡ ጠንካራ ድምፅ ነበራቸው፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ። ሕጉ የመጣው ጥያቄው ከመጣ በኋላ ነው።

የወንጂ አገዳ ቆራጭ ጥያቄውን ለማንሣት የቻለው ከጎኑ ሌላ አገዳ ቆራጭ ስለ ነበረ ነው። በአንድ ፊሽካ ይነሣሉ፤ በአንድ ፊሽካ ይመለሳሉ፤ በአንድ ቀን ደመወዝ ይቀበላሉ፤ የአንዱ ሲጎድል ሌላው ያያል። የቤት ሠራተኛ ፊሽካ የላትም። የሥራ ባልደረባዋ ምጣዱና የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ነው። ሰፈሩ ውስጥ እንደ እርሷ ያሉ ሃያ ልጆች ቢኖሩ እንኳ የሚገናኙት ወፍጮ ቤት ወይም ሱቅ ደጃፍ ነው፤ ያውም ጥቂት ቆመው ቢነጋገሩ «የት ቆየሽ?» ይባላሉ። እንግዲህ ራሷን ልትከላከል የማትችለው ሠራተኛ ከሁሉ ይልቅ ሕግ ሊያስታውሳት ሲገባ፣ ሕጉ ያስቀራት እርሷን ነው።

አዋጁ በሦስተኛው አንቀጹ የማይመለከታቸውን የሥራ ውሎች ሲዘረዝር፣ ለትርፍ ላልሆነ ዓላማ የሚደረግን የግል አገልግሎት ቅጥር ከነዚህ መካከል ይቆጥራል። የግል አገልግሎት ሠራተኞችን የሥራ ሁኔታ የሚወስን ደንብ በሚኒስትሮች ምክር ቤት እንዲወጣ የ1996ቱ አዋጅ አዝዞ ነበር፤ ደንቡ ሳይወጣ 15 ዓመታት አልፈው የ2011ዱ አዋጅ ያንኑ ትእዛዝ ደገመው። ለሕግ አውጪው ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ምክንያት አልነበረውም አልልም። ፋብሪካን ተቆጣጣሪ ገብቶ ያየዋል፤ የሰው መኖሪያ ቤት ግን የተከበረ ስፍራ ነው፤ በእራት ሰዓት በር አንኳኩቶ «ሠራተኛችሁ ዛሬ ስንት ሰዓት ሠራች?» የሚል ሹም ማንም አይወድም። ቤተሰብም ከሥራዋ ትርፍ አያገኝም ይባላል። ይህን ሁለተኛውን ነገር ግን እጠራጠረዋለሁ። እናቲቱ ወደ መሥሪያ ቤት፣ አባትየው ወደ ንግዱ ሄደው ደመወዝና ትርፍ ይዘው የሚመለሱት ልጆቹን የሚጠብቅ፣ ወጡን የሚሠራ፣ በሩን የሚዘጋ ሰው በቤት ስላለ ነው።

ደግሞስ «አይመለከታትም» የተባለው መልስ በሕግም ቢሆን ሙሉ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2601 ጀምሮ ስለ ቤት ሠራተኞች ይናገራል፤ ሠራተኛዋ ከአሠሪዋ ጋር የምትኖር ከሆነ በመኝታዋ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓቷ ረገድ ጤናዋና ግብረ ገብነቷ እንዲጠበቅ ተገቢውን ሁሉ እንዲያደርግ፣ ብትታመምም ለተወሰነ ጊዜ እንዲያሳክማት ግዴታ ይጥልበታል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 42 ስለ ተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ስለ ዕረፍትና ደመወዝ ስለሚከፈልበት ፈቃድ ሲናገር መብቱን የሰጠው ለሠራተኞች ነው፤ በማድ ቤትና በፋብሪካ መካከል አጥር አላቆመም። ዘርዝሮ የሚያስፈጽመው ሕግ በጎደለበት ስፍራም ያልተከፈላት ሠራተኛ የውል ገንዘቧን በፍርድ ቤት መጠየቅ ትችላለች። በተግባር ግን ምስክር የላትም፤ የጽሑፍ ውል የላትም፤ ከዚያ ቤት ስትወጣ ደግሞ የምታድርበት የላትም።

ሆኖም የዚያች እናት ጥያቄ ከሕግ አንቀጽ ያለፈ ነው። ሕግ ዕዳን ይፈጥራልን ወይስ አስቀድሞ የነበረውን ዕዳ አግኝቶ ይጽፈዋል? ሕግ የሚፈጥራቸው ግዴታዎች በእርግጥ አሉ፤ መኪና በቀኝ በኩል እንዲነዳ ሕግ ባያዝ ኖሮ በግራ መንዳት ኃጢአት ባልሆነ ነበር። የሠራን ሰው ዋጋ መክፈል ግን እንዲህ ያለ ነገር አይደለም። ኦሪት ዘዳግም የድኃውን የቀን ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳይጠልቅ ስጠው ብሎ ሲያዝ የሥራ ተቆጣጣሪ አልነበረም፤ ምክንያት አድርጎ የሚያነሣው የሰውዬውን ችግርና ወደ እግዚአብሔር የሚጮኸውን ጩኸት ነው። ሐዋርያው ያዕቆብም ያልተከፈለ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ይነግረናል። የትምህርተ ክርስቶስ ልጆቻችንን ወደ ሰማይ የሚጮኹ ኃጢአቶችን ስናስተምር የሠራተኛን ደመወዝ መከልከል በመካከላቸው እንቆጥራለን። ልጆቹ ይህን በቃላቸው ይወጡታል፤ ሲመለሱም በር የምትከፍትላቸው ያቺው ልጅ ናት።

ስለ ሰንበት ያለውም ትእዛዝ እንዲሁ ነው። የሰንበትን ቀን አክብር የሚለው ቃል ለባለቤቱ ብቻ አልተነገረም፤ ወንድ አገልጋዩንና ሴት አገልጋዩን በየስማቸው ይጠራል፤ ኦሪት ዘዳግምም እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ ነው ብሎ ምክንያቱን ይጨምርበታል። እኛ ግን እሑድ ጠዋት ነጠላችንን አጣፍተን ለቅዳሴ ስንወጣ፣ ከሌላው ቀን የበለጠ ሽንኩርት የምትከትፈው እርሷ ናት፤ እንግዳ የሚመጣው እሑድ ነውና። ሥራውን በራሳችን እጅ ስላልሠራነው ሰንበትን የጠበቅን ይመስለናል።

ይህን ለአንዳንድ ወዳጆቼ ሳነሣ ብዙውን ጊዜ የማገኘው መልስ «እኛ ዘንድ እኮ ሠራተኛ አይደለችም፤ እንደ ልጃችን ነው የምናያት» የሚል ነው። በዚህ መልስ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የሚናገሩት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹም እውነታቸውን ነው። ልጅቷ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ገበታ ትበላለች፤ ለበዓል ልብስ ይገዛላታል፤ ስትታመም ትኩስ ነገር ይሠራላታል። ይህ መልካም ነው፤ ከዚህ ያነሰ የሚያገኙ ብዙ አሉና። ነገር ግን «እንደ ልጃችን» የሚለው ቃል መቼ መቼ እንደሚነሣ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ደመወዝ ይጨመርላት ሲባል ይነሣል። የዕረፍት ቀን ይኑራት ሲባል ይነሣል። ውል እንጻፍ ሲባልማ «ከልጅ ጋር ውል ይጻፋልን?» ይባላል። ትምህርት ቤት በመስከረም ሲከፈት ግን አይነሣም። የገዛ ልጅ በ14 ዓመቷ ደብተር ይዛ ስትወጣ፣ «እንደ ልጅ» የሆነችው የ14 ዓመት ልጅ የምሳ ዕቃዋን ቋጥራ ትሸኛታለች። የወላጅ ንብረት ሲከፋፈልም ስሟ የለበትም።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን መምረጥ ይገባናል። ሠራተኛ ከሆነች ለሠራተኛ የሚገባው ይሰጣት፤ ደመወዟ በቀኑ፣ ዕረፍቷ በሳምንቱ። ልጅ ከሆነች ደግሞ ለልጅ የሚገባው ይሰጣት፤ ትምህርት፣ ጨዋታ፣ ውርስም ጭምር። እኛ የምናደርገው ግን ከሠራተኛነት ሥራውን፣ ከልጅነት ደግሞ አለመከፈሉን መርጠን መውሰድ ነው። ፍቅር ፍትሕ ካደረሰበት ቦታ ተነሥቶ ወደ ፊት ይሄዳል እንጂ የፍትሕን ዕዳ አይሰርዝም። በዓመት በዓል የተሰጠ አሮጌ ጫማ ምጽዋት ሊባል ይችላል፤ የጥርና የየካቲት ደመወዝ ግን የእርሷው ገንዘብ ነው።

ሌላው መልስ «ራሷ ተስማምታ ነው» የሚል ነው። ደላላው አመጣት፤ ዋሷ ቆመ፤ ይህን ያህል እከፍልሻለሁ ስላት እሺ አለች፤ ታዲያ በደሉ የቱ ላይ ነው? ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ በ1891 እ.ኤ.አ. ሬሩም ኖቫሩም በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው ያነሡት ይህንኑ ጥያቄ ነበር። የመለሱትም፣ የሁለት ሰዎች መስማማት ብቻውን ደመወዝን ፍትሐዊ እንደማያደርገው፣ በጭንቀት ወይም የባሰ እንዳይመጣ በመፍራት ዝቅተኛውን ዋጋ የተቀበለ ሠራተኛ በነጻ ፈቃዱ የተስማማ ሳይሆን ግፍ የደረሰበት ሰው እንደ ሆነ ነው። (በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. የተመረጡት ሊዮ 14ኛም ስማቸውን ስለ መረጡበት ምክንያት ሲናገሩ ይህንን መልእክት አውስተዋል።) ከአርሲ ወይም ከወላይታ ገጠር ተነሥታ አዳማ መናኸሪያ በምሽት የወረደች የ16 ዓመት ልጅ፣ ለዚያች ሌሊት ማደሪያ እስካላገኘች ድረስ ለሚነገራት ሁሉ እሺ ትላለች። እርሷ እሺ ያለችው ደመወዙን አይቶ ነው ማለት ጨለማውን መርሳት ነው።

አንድ መቃወሚያ ግን አለ፤ እርሱን በቀላሉ ማለፍ አልችልም። ከእነዚህ አሠሪዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ድኆች ናቸው። የአስተማሪ ወይም የነርስ ደመወዝ በእህልና በቤት ኪራይ በሚያልቅበት ዘመን፣ እናት ልጆቿን ጥላ ወደ ሥራ ለመሄድ የግድ ሰው ትፈልጋለች፤ ለዚያ ሰው ግን የሚገባውን ያህል መክፈል አትችልም። የ2011ዱ አዋጅ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፤ ሆኖም ወለሉ በወረቀት ተወስኖ ለማድ ቤት ሠራተኛም ይሁን ቢባል እንኳ ይህች እናት ከየት ታመጣዋለች? መልሱን ሙሉ በሙሉ አውቀዋለሁ አልልም። የማውቀው፣ ከሚገባት ነገር ገንዘብ የማያስወጣው ብዙ መሆኑን ነው። በሳምንት ግማሽ ቀን መልቀቅ ብር አያስወጣም። የማታ ትምህርት ቤት እንድትሄድ በ11 ሰዓት መፍቀድ ብር አያስወጣም። ወደ ራሷ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ እንድትሄድ መተው፣ የሚቆለፍ የመኝታ ክፍል ባይኖር እንኳ የቤቱ ወንዶች በሌሊት የማያልፉበትን ስፍራ ለመኝታዋ መስጠት፣ በስሟ መጥራት ብር አያስወጣም። ሁለት ደብተር ገዝቶ በየወሩ የተከፈላትን በሁለቱም ላይ ጽፎ መፈራረም የሚያስወጣው የደብተሩን ዋጋ ብቻ ነው። «ደመወዝሽን እኔ ዘንድ ላስቀምጥልሽ» የሚለው ልማድ ከሁሉ ይልቅ ሊቀር ይገባዋል፤ የተቀመጠ ገንዘብ በተሰበረ ብርጭቆና በተቃጠለ ሸሚዝ እየተመነዘረ ሲያልቅ በየቤቱ አይተናልና። በስሟ የባንክ ደብተር ይከፈትላት፤ ዕድሜዋ ካልደረሰ ደግሞ መጀመሪያውኑ እንድትቀጠር አይገባም ነበር።

የአዳማና የባቱ እመቤቶች «ሠራተኛ ጠፋ» ሲሉ እሰማለሁ። በእርግጥም ባቱ ላይ የአበባ እርሻዎቹ፣ አዳማ ላይ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ልጆችን ወስደዋል። በዚያ ያለው ደመወዝም ብዙ የሚያስመካ አይደለም፤ ክፍል ተከራይተው ቀለባቸውን ከገዙ በኋላ የሚተርፋቸው ከቤት ሠራተኛ ላይበልጥ ይችላል። አንዷን ልጅ ታዲያ ለምን ሄድሽ ብዬ ብጠይቃት «ሲመሽ ይለቁናል» ብላ መለሰችልኝ። የፈለገችው ሥራው የሚያልቅበትን ሰዓት ነበር።

ስለ ዐረብ አገር የምንናገረውም ነገር በዚህ ረገድ ይወቅሰናል። ከሻሸመኔ፣ ከአርሲና ከባሌ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ሊባኖስ ያልሄደችበት ሰፈር የለም። በ2004 ዓ.ም. አንዲት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ በቤሩት በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እየተደበደበች በግድ ወደ መኪና ስትጎተት የታየችበት ፊልም፣ ከዚያም በጥቂት ቀናት ውስጥ በሆስፒታል መሞቷ ሁላችንን አስለቅሶናል። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተባረው ሲመለሱ፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በቤሩት አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ደመወዝ ሳይከፍሉ በቆንስላው በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ ጸሎት አድርገናል፤ ገንዘብም አዋጥተናል። መንግሥትም በ2008 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ወደ ውጭ የምትሄደዋ ሠራተኛ ውል እንዲመረመርና እንዲጸድቅ አዝዟል። ሪያድ የምትሄደው ልጅ የጽሑፍ ውል ያስፈልጋታል፤ አዳማ የቀረችው ታናሽ እኅቷ ግን አያስፈልጋትም ማለት ነውን? በ2011 እ.ኤ.አ. የዓለም የሥራ ድርጅት በጄኔቫ ስለ ቤት ሠራተኞች ያወጣው ስምምነት ቁጥር 189፣ በዕለትና በሳምንት ዕረፍት ረገድ ከሌላው ሠራተኛ ጋር እኩል እንዲታዩ የሚጠይቀው የዐረብ አሠሪዎችን ብቻ አይደለም። እኅታችን ፓስፖርቷን እመቤቷ ቆለፈችባት ብለን ስናለቅስ፣ የሠራተኛችን መታወቂያ በእኛ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳለ እንረሳዋለን።

ይህን የምጽፈው ከውጭ ሆኜ አይደለም። በልጅነቴ አዳማ በሚገኘው ቤታችን ከአርሲ ነገሌ በኩል የመጣች ልጅ ነበረች። የኦሮምኛ ስሟ ለአፋችን አልመች ስላለ ተብሎ ሌላ ስም ወጣላት፤ በዚያም ስም አራት ዓመት ገደማ ኖረች፤ እኔንም ያሳደገችኝ እርሷ ናት። ደመወዟን እናታችን «እንዳታባክነው» ብላ ታስቀምጥላት ነበር። አንድ ቀን ወንድሟ መጥቶ እናቷ በጠና መታመሟን ነገራትና በችኮላ ተነሣች። ገንዘቡ ግን በዚያ ክረምት ለጣራ ቆርቆሮ ወጥቶ ነበር። ለመሳፈሪያ ጥቂት ብር ተሰጥቷት «የቀረውን ስትመለሺ ትወስጂያለሽ» ተባለች። አልተመለሰችም።

እናቴ በስተርጅና ታምማ በተኛችበት ወራት ከሌላው ነገር ሁሉ ይህንን ታነሣ ጀመር። የተወሰደ ነገር ወደ ባለቤቱ መመለስ እንዳለበት፣ መጸጸት ብቻውን እንደማይበቃ ቆሞሱ ነግረዋት ነበር። እኔም በገበያ ቀን አርሲ ነገሌ ወርጄ ጠየቅሁ። ሰዎቹ ደግ ነበሩ፤ ከእኔ ጋርም እየዞሩ ጠየቁልኝ። ግን የማን ልጅ ናት ሲሉኝ አላውቅም፤ ስሟ ማን ነው ሲሉኝ የምሰጣቸው እኛ ያወጣንላትን ስም ነው፤ በዚያ ስም የሚያውቃት ሰው በዚያ አገር አልነበረም። ባዶ እጄን ተመለስሁ።

ባለቤቱ ካልተገኘ ለድኃ ይሰጥ ተባልን። የዚያን ዘመን ብርና የዛሬው ብር አንድ ስላልሆነ ምን ያህል እንደሚሆን ከእኅቶቼ ጋር ብዙ ተከራከርን፤ በመጨረሻም የአራት ዓመቱን በዛሬ ደመወዝ አሰላነው። ገንዘቡን ለቁምስናው የድኆች መርጃ ሳስረክብ ጸሐፊው ደረሰኙን በእናቴ ስም ሊቆርጥ ነበር። አልጋዋ ድረስ ሄጄ ብነግራት «በእኔ ስም አይጻፍ፤ የእሷ ነው» አለችኝ። በማን ስም እንደሚጻፍ ስላላወቅን ደረሰኙ ላይ የስሙ ቦታ ባዶ ቀረ።